ይድረስ ኮምፒውተሬ ላይ ዶክመንትስ የሚባለው ፎልደር ውስጥ ጎጆ ለምትቀልሱ ፕሮግራሞች በሙሉ

ለጤናችሁ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ከእናንተ ፎልደር በስተቀር በጣም ደህና ነኝ። ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ በር አካባቢ ኮፒና ፕሪንት የምሰራው ሰውዬ ነኝ፣ እናንተ አታውቁኝም፣ እኔ ግን ኮምፒውተሬን በከፈትኩ ቁጥር የማገኘው እናንተን ስለሆነ አንድ በአንድ አውቃችኋለሁ።

ዶክመንትስ ለኔ የተሰራ ይመስለኝ ነበር እኮ። የድሮው ዊንዶውስ እንደውም «ማይ ዶክመንትስ» ነበር የሚለው፣ ቪስታ ሲመጣ «ማይ»ዋን አነሷት፣ አሁን ሳስበው እውነታቸውን ነው። የጌሙ ሴቭ እዚያ፣ የስብሰባው ቪዲዮ እዚያ፣ አንድ ቀን ብቻ ከፍቼ የዘጋሁት የሰርግ ካርድ መስሪያ እንኳን በስሙ ፎልደር አለው። ሳይጠሩት አቤት ሳይልኩት ወዴት አለ ያገሬ ሰው።

ጣና ላይ እምቦጭ ከታየበት ከእ.ኤ.አ. 2011 ወዲህ ስንቱ ገበሬ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል ኖሯል፣ ይነቅለዋል፣ ዘሩ ጭቃው ውስጥ ስለሚቀር ተመልሶ ይበቅላል። እናንተንም ዲሊት አደርጋለሁ፣ ፕሮግራሙን ስከፍት ያው ፎልደር በዚያው ስም ቁጭ ብሏል። ደሞ ባዶውን! እምቦጭ ቢያንስ አበባ አለው።

ባለፈው አንዲት እናት ከዘጌ መጥተው መታወቂያቸውን ስካን አድርጌ ለልጃቸው እንድልክላቸው ጠየቁኝ። ስካን አለቀ፣ ፋይሉ ግን የለም። ዶክመንትስ የለም፣ ፒክቸርስ የለም፣ «ልጄ ጀልባው ሊነሳ ነው» ይሉኛል፣ እኔ ላብ በላብ ሆኛለሁ፣ ለካ ስካነሩ በራሱ ስም ፎልደር ሰርቶ፣ በውስጡ የቀን ፎልደር ሰርቶ፣ እዚያ ጓዳ ደብቆታል። ሳገኘው ጀልባው ሄዷል።

መላ የለውም እንዳትሉኝ ብቻ። ሊኑክስ ላይ (እሱም እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተር የሚያንቀሳቅስ ነው) ከእ.ኤ.አ. 2007 ጀምሮ ኤክስዲጂ ዩዘር ዲርስ የሚባል ነገር አለ፣ አንዲት ትንሽ የጽሁፍ ፋይል ናት፣ ዴስክቶፕ እዚህ፣ ዳውንሎድ እዚያ፣ ሙዚቃ ወዲያ እያለች የዋና ዋናዎቹን ፎልደሮች አድራሻ ትናገራለች። ባለቤቱ ፎቶውን ወደ ሌላ ዲስክ ቢያዞር ወይ ፎልደሩን በራሱ ቋንቋ ቢሰይመው እሷ ላይ ይጻፋል፣ ከፕሮግራሙ የሚጠበቀው መጠየቅ ነው። ዊንዶውስም የሚጠየቅበት መንገድ አለው። ሲ ድራይቭ ሲሞላብኝ ፕሮፐርቲስ ገብቼ የዶክመንትስን ሎኬሽን ወደ ዲ አዞርኩት፣ ጨዋዎቻችሁ ጠይቃችሁ ዲ መጣችሁ፣ የቀራችሁት አሮጌውን አድራሻ በቃላችሁ ይዛችሁ ሲ ላይ ሌላ ዶክመንትስ ቆረቆራችሁ። አሁን ሁለት ዶክመንትስ አለኝ፣ በሁለቱም ውስጥ የኔ ነገር የለም። (የዴስክቶፔን ነገር አታንሱብኝ፣ እሱ የኔና የተማሪዎቹ ጉዳይ ነው።)

ሌላ አዲስ ነገር የለም። እማማ አሁንም ይመጣሉ፣ ሰላም ብለዋችኋል። ስካን ላድርግልዎት ስላቸው «አይ ልጄ፣ ኮፒ አድርግልኝ፣ በሰው እልክለታለሁ» ይሉኛል።