ደንበኛ ንጉሥ ነው፣ ያውም በቢጃማ

ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን የወረዱት መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ አገሩ ንጉሥ የለውም የሚል ካለ፣ አንድ ቀን ማታ 2 ሰዓት ላይ ሰሚት ኮንዶሚኒየም ብቅ ይበል። አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በቢጃማ፣ ሶፋቸው ላይ ጋደም ብለው ያገኛቸዋል። ስልካቸው ደረታቸው ላይ ነው። ስፔሻል በርገር ከነድንቹ በዴሊቨሪ አፕ አዘዋል። ምግብ ቤቱ ግድግዳ ላይ «ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚል ተለጥፏል። እሳቸው ደግሞ የተጻፈ ነገር ያከብራሉ።

ስም አልጠራም። እንዲህ ያለ ሰው ውዳሴ አይወድም። ግን በየሰፈሩ ስላሉ ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነው።

ትህትናቸውን ላስቀድም። ቤታቸውን በካርታ ማሳየት ጉራ ይመስላቸዋል። ስለዚህ አፑ ላይ ያለው ፒን ድሮ ተከራይተው ይኖሩበት ከነበረው ካዛንቺስ አልተነቀለም። ልጁ ምግቡን ይዞ ካዛንቺስ ይደርስና ይደውላል።

«ጋሼ፣ ደርሻለሁ። የቱ ጋ ልምጣ?»

«አሁን የት ነህ?»

«ካዛንቺስ። ፒኑ የሚያሳየው ቦታ ላይ ነኝ።»

«ካዛንቺስ ምን ወሰደህ? እኔ ሰሚት ነኝ! ፒኑን ተወው። ፍየል ቤትን ታውቃለህ አይደል? እሱን አልፈህ ድሮ ጁስ ቤት የነበረበት ጋ ስትደርስ ወደ ግራ ታጠፍ። ከዚያ ማንንም ብትጠይቅ ያሳይሃል።»

ጁስ ቤቱ ፈርሷል። ልጁ ሰፈሩን የሚያውቀው ከፈረሰ በኋላ ነው። ማንንም ብሎ የጠየቃት ሴትዮም ለራሷ እንግዳ ናት፤ ሠርግ ቤት እየፈለገች ነው።

እኔ ግን ይሄን እንደ ጥፋት አላየውም። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ከተጀመረ ወዲህ ስንት ሰፈር መልኩን ቀየረ? ፒያሳን በዓይናችን እያየን ሸኘናት። የድሮዋን አዲስ አበባ በቃላቸው ይዘው የቀሩልን እንደ እኚህ ያሉ ደንበኞች ናቸው። የቅርስ ጥበቃ ሰዎች አንድ ሜዳሊያ እንዴት ያጣሉ? (የብሎክ ቁጥሩ እኮ ሕንፃው ላይ ከሩቅ በሚነበብ ቁመት ተጽፏል። እሱን መናገር ግን የጨዋታውን ወግ ያጠፋዋል።)

ልጁ መንገድ ላይ ሳለ ብቻውን እንዳይሰማው በየሦስት ደቂቃው ይደውሉለታል። «የት ደረስክ?» ልጁ ስልኩን በሄልሜቱና በጆሮው መሃል ሸጉጦ፣ በአንድ እጁ መሪ ይዞ፣ ከአንድ ሲኖትራክና ከሁለት ሚኒባስ መሃል «መጣሁ ጋሼ» ይላል። «ቶሎ በል እንጂ፣ ራበኝ!» ይሄ ሁሉ መጨነቅ ነው። ልጁ ብሎኩ ሥር ደርሶ ሲደውል ግን አይነሳም። ሻወር ገብተዋል።

ሲወጡ ይነሳል።

«ጋሼ፣ ሞተሬን ጥዬው ብወጣ እፈራለሁ። ወርደው ሊቀበሉኝ ይችላሉ?»

«ወርጄ? ታዲያ ምኑን ዴሊቨሪ ሆነ?»

ሊፍት የለም። ልጁ ሞተሩን ለአንዲት ቆሎ ሻጭ አደራ ሰጥቶ ደረጃውን ይያያዘዋል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ መብራት የለም፤ አራተኛው ላይ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ውሻ አለ። ደንበኛችን በሩን ሳይከፍቱ «አይናከስም!» ብለው ያበረታቱታል።

ሽሮ ሜዳ ያለችው እህታቸውም የዋዛ አይደለችም። የእሷ ፒዛ ከቦሌ ካልመጣ ፒዛ አይባልም። ልጁ የሚመጣው በሳይክል ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ሽሮ ሜዳ ደግሞ እንጦጦ እግር ሥር። ስልክ ላይ ሲታይ ግን ሁሉም ሜዳ ነው። «ቅርብ እኮ ነው፣ ምን አስቆየህ?» ትለዋለች። ልጁ የሚመልስበት ትንፋሽ የለውም። መመለስ ስላልቻለ ጥፋቱን እንዳመነ ትቆጥርለታለች።

ሐምሌ ሲመጣ ደግሞ ወንድምና እህት እኩል ይነቃቃሉ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው መስኮቱን ከፈት አድርገው ያያሉ። «ዛሬስ ሰው ከቤት አይወጣም!» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ከዚያ ያዛሉ። ልጁ ላስቲክ ለብሶ፣ ከሄልሜቱ ጫፍ ውሃ እየተንጠባጠበ በሩ ላይ ሲቆም፣ ደንበኛችን በሩን በእጅ ስፋት ከፍተው ዕቃውን ገልበጥ አድርገው ያዩታል። «ካርቶኑ ለምን ረጠበ?»

ሂሳቡ 870 ብር ነው። አምስት ድፍን 200 ብር ይዘረጋሉ። መልስ የለውም። «ሥራ ስትወጣ ዝርዝር አትይዝም እንዴ?» ብለው ይመክሩታል፤ ምክር የሚሰጥ ታላቅ በጠፋበት ዘመን። ከዚያ ልጁ «በቴሌብር» ይላል። ኔትወርኩ ይዞራል። ይዞራል። ልጁ ደረጃው ላይ ቆሞ የስልኩን «ጢን» ይጠብቃል። በሩ ተዘግቷል፤ ብርድ ይገባል።

እንግዳ አይወዱም እንዳትሉ ብቻ። እኚህ ሰው ወንፊት ልትመልስ የመጣች ጎረቤት ቡና ሳትጠጣ አያስወጡም። ሲበሉ የደረሰባቸውን የቆጣሪ አንባቢ ሳይቀር «እንብላ» ይላሉ። «እንብላ» የማይባለው ምግቡን ተሸክሞ ያመጣው ልጅ ብቻ ነው። ይሄ ንፉግነት ሳይሆን ጥንቃቄ ነው። እሺ ቢልስ?

ጉርሻ ላይም ቢሆን ቃላቸው የታወቀ ነው። «በሚቀጥለው አስብሃለሁ።» በሚቀጥለው የሚመጣው ሌላ ልጅ ነው። እሱንም ያስቡታል። እስካሁን ያሰቧቸው ልጆች ቢሰበሰቡ የቀበሌ አዳራሽ አይበቃቸውም። ያላሰቡት አንድም የለም።

በርገሩ በእርግጥ ቀዝቅዟል። በካዛንቺስ በኩል ዞሮ የመጣ በርገር ነው። ግን ደንበኛችን ቂም አይዙም፤ በልተው ከጨረሱ በኋላ፣ እጃቸውን ታጥበው፣ በተረጋጋ መንፈስ አፑን ከፍተው አንድ ኮከብ ይሰጣሉ። አስተያየትም ይጽፋሉ። «ልጁ ጨዋ ነው፤ ቦታ ግን አያውቅም።»

ወዲያው መልስ ይመጣል። ክቡር ደንበኛችን፣ ለተፈጠረው መጉላላት ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን፣ ለሚቀጥለው ትዕዛዝዎ የ50 ብር ቅናሽ ኮድ ልከንልዎታል። እሳቸው ብቻቸውን የሚበሉ ሰው አይደሉም። ኮዱን ለእህታቸው ላኩላት። «ዛሬ ማታ ተጠቀሚበት፣ ያልፍበታል» ብለው፤ ሽሮ ሜዳ በረዶ እየጣለ ነበር።