እስክሪብቶውን መልሱ

የክልል ልማት ፖሊሲ ሲባል ወፍራም ሰነድ፣ አማካሪ፣ ወርክሾፕና አበል ነው ትዝ የሚለን። ሩሲያ እ.ኤ.አ. በ2009 ነገሩን በአንድ እስክሪብቶ ጨርሳዋለች።

ከሴንት ፒተርስበርግ ወዲያ፣ 20 ሺህ ገደማ ሰው የሚኖርባት ፒካልዮቮ የምትባል ከተማ አለች። በሶቪየት ጊዜ መላ ኑሮዋ አንድ ፋብሪካ ነበር። አሉሚናው (የአሉሚኒየም ጥሬ ዕቃ) ይወጣል፣ ዝቃጩ ለሲሚንቶ ይሄዳል፣ ፈሳሹ ሶዳና ፖታሽ ይሆናል። የሚጣል ነገር የለም። ከዚያ ፕራይቬታይዜሽን መጣና ጓዳው ለሦስት ጌታ ተከፋፈለ፤ ምጣዱ ለአንዱ፣ ሊጡ ለሌላው፣ ማገዶው ለሦስተኛው። በዋጋ መስማማት አልቻሉም፤ ተኮራረፉ፤ ሥራው ቆመ፣ ደመወዝ ቀረ፣ ከተማውን የሚያሞቀው ጣቢያም በጋዝ ዕዳ ተዘግቶ ሙቅ ውሃ ጠፋ።

ሕዝቡ አቤት አለ፤ ሰሚ የለም። የከተማው ሹሞች ስብሰባ ላይ ግር ብሎ ገባ፤ ያው ወሬ። ጁን 2 አውራ ጎዳናውን ዘጋው። ጁን 4 የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ፑቲን ራሱ ከች! (ከዚያ በፊት ስንት ማመልከቻ መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ እንደነበር እግዜር ይወቀው።)

ካሜራ እየቀረጸ ባለሀብቶቹን እንደ በረሮ ተራወጣችሁ ብሎ ወረደባቸው። ዴሪፓስካ፣ ከሦስቱ ጌቶች አንዱ፣ ዓመት ቀደም ብሎ በሩሲያ አንደኛ ሀብታም የተባለው ሰውዬ፣ ሥራውን የሚያስጀምረውን ውል ፈርም ተባለ። ፑቲን እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረለት። እንደ ተማሪ መጥቶ ፈረመ። ይዞት ዞር ሲል ደግሞ ፑቲን፣ «እስክሪብቶውን መልሱ!» ቢሊየነርም እንደኛው ነው ለካ፣ የሰው እስክሪብቶ እጁ ላይ ይቀራል።

ደመወዙ በዚያው ቀን ገባ፣ ኤቲኤሙ ፊት ሰልፍ ሆነ። ገበያ፣ ውድድር፣ የግል ንብረት ሲባል የተከረመው ሁሉ የአንድ ፊርማ ያህል አልሠራም።

ችግሩ፣ እንደ ፒካልዮቮ በአንድ ፋብሪካ የሚተዳደሩ ከተሞች በሩሲያ ከ300 በላይ ናቸው። መንግሥት ዝርዝር አወጣላቸው፣ በ2014 ፈንድ አቋቋመላቸው፣ የግብር እፎይታም ተፈቀደ። ደህና። ግን ፑቲንን በአካል ማስመጣት የፈለገ ከተማ የሚዘጋው ጎዳና ያስፈልገዋል፤ ያ ደግሞ የቦታ ዕድል ነው። ሰሜን ዋልታ ጥግ ያለችው የከሰል ከተማ ቮርኩታ ከተቀረው አገር የሚያገናኛት የመኪና መንገድ እንኳ የላትም። ያላት ሐዲድ ነው። የሩሲያ ከሰል ቆፋሪዎች ደግሞ ደመወዝ ሲቀርባቸው በ1998 ሐዲድ ዘግተው አሳይተዋል።