«መርፌ ትወጋለህ» የተባለ ልጅ እግሩን አይዘረጋም

ፊዚዮቴራፒ (የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና) ክፍል በር ላይ ተራ ስንጠብቅ ደጋግሜ የምሰማው ማስፈራሪያ አለ፦ «ዝም በል፣ አለዚያ መርፌ ትወጋለህ!» በእናቶቹ አልፈርድም። ልጅ አዝለው ሁለት ታክሲ ቀይረው የመጡ ናቸው፤ እኔም ብዬዋለሁ። ግን የፈራ ልጅ ጡንቻው ይብሱኑ ይገተራል፤ ልናፍታታ የመጣነውን እግር ራሳችን እያጠበቅነው ነው።

ልጄ ሴሬብራል ፖልሲ፣ ማለትም አንጎል ላይ በደረሰ ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር አለበት፤ ቀኝ ጎኑ ይገተርበታል። ቤት ውስጥ በየቀኑ የባቱን ጡንቻ ቀስ እያልን እንድንስብለት ታዘዘ። መጀመሪያ ሰሞን እግሩን ስይዘው ይጮሃል፣ ሲጮህ አንጀቴ አይችልም፣ እለቀዋለሁ። በማግስቱ ገና ምንጣፉ ሲነጠፍ መጮህ ጀመረ። ለካ ሳላውቀው ጩኸት እንደሚያስለቅቅ አስተምሬዋለሁ።

«በጩኸቱ ሳይሆን በቁጥር ልቀቁት» አለችን ባለሙያዋ። «የሕመም ጩኸት ከሆነ ወዲያው አቁሙና ንገሩኝ፤ የእምቢታ ከሆነ አብራችሁ እስከ 10 ቁጠሩ፣ 10 ላይ ልቀቁ።» እንዲህ ነው የጀመርነው። አንድ ቀን «አንዴ ብቻ» ብዬ 15 አደረስኩት፤ ከዚያ በኋላ ሳምንት ሙሉ አላመነኝም።

ቆጥሮ ሲጨርስ ብይ ያገኛል። ብዩን በቀኝ እጁ አንስቶ ጣሳ ውስጥ መጣል አለበት፤ እሱም ራሱ ለጣቶቹ ልምምድ ነው። አምስት ብይ ሲሞላ ግቢ ወጥተን ኳስ እንጫወታለን። «ጎበዝ» ማለቱንም ቀየርነው፤ «ጎበዝ፣ ተረከዝህን መሬት አስነካህ» እንላለን፤ ምን አድርጎ እንደተመሰገነ እንዲያውቅ።

ባለሙያዎች የባህርይ ማስተካከያ የሚሉት ይህንኑ ነው። አሜሪካ፣ አላባማ ውስጥ ኤድዋርድ ታውብና ባልደረቦቹ በ2004 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ሴሬብራል ፖልሲ ያለባቸው 18 ልጆች ተካተዋል። የግማሾቹ ደህና እጅ በጀሶ ተይዞ፣ በደከመው እጃቸው በቀን 6 ሰዓት ለ21 ቀናት ተለማመዱ። ሥራው በጨዋታ መልክ ነበር፤ በትንሽ በትንሹ እየከበደ ይሄዳል፣ ለእያንዳንዷ ሙከራ ምስጋናው እዚያው ይሰጣል። እነዚህ ልጆች ከሌሎቹ ይልቅ በደከመው እጃቸው አዳዲስ ነገሮችን መሥራት ቻሉ።

ጎረቤታችን ያሉ አንዲት እናት ግን «ልጅ በጉቦ አያድግም» ይሉኛል። ስጋታቸው መሠረት አለው። በ1973 እ.ኤ.አ. በወጣ የማርክ ሌፐርና ባልደረቦቹ ጥናት፣ ሥዕል የሚወዱ ሕፃናት «ከሣላችሁ ሽልማት አለ» ከተባሉ በኋላ በራሳቸው ጊዜ መሣሉን ቀንሰዋል። ስለዚህ ልጅ በራሱ የሚወደውን ነገር በሽልማት አንንካው፤ እኔም ልጄ ኳስ ስለመታ ብይ አልሰጠውም። ባቱ ሲሳብ ግን የሚወደው አንዳች ነገር የለም። መለመዱን ሳይ ብዩን በየሁለት ዙሩ፣ ከዚያም በየሦስቱ አደረግሁት። አሁን አንዳንድ ቀን ብዩን ሳይጠይቅ ይነሳል።

የሚያሳዝነኝ፣ ብዙ ወላጅ ይህን የሚነግረው ሰው አለማግኘቱ ነው። የሚሰጠን ወረቀት «በቀን ሁለት ጊዜ፣ 10 ዙር» ይላል። የሚያለቅስ ልጅ ይዞ እንዴት ከአንድ ዙር ወደ ሁለተኛው እንደሚኬድ ግን አይልም። ባለሙያው ከቀጠሮው ላይ አምስት ደቂቃ ቀንሶ፣ ወላጁ ራሱ ልጁን ይዞ እንዲሞክር ያድርግ፤ የት ላይ እንደሚለቀው፣ ምን ብሎ እንደሚያመሰግነው እዚያው እያየ ያርመው።