የሥጋ ቤቱ የዘር ምርመራ

ጅማ ላይ የዘር ምርመራ በነፃ ነው። ላቦራቶሪ መሄድ አያስፈልግም። ሄርማታ መርካቶ አካባቢ አንድ ሥጋ ቤት ጎራ ማለት ይበቃል። መሣሪያው ቢላዋ፣ ናሙናው ግማሽ ኪሎ ቁርጥ። ውጤቱ ሚጥሚጣው ሳያልቅ ከአንዱ በላተኛ አፍ ይደርሳል፦

«ልብ በኛ ዘር የለም!»

የልብ በሽታ ማለቱ ነው። እኔም አላረምኩትም።

ማስረጃውማ ሙሉ ነው። አያቱ ቅቤ እየጠጡ 90 ዓመት አልፏቸዋል። ምስኪን ፈረንጆች! 9ኛው ክሮሞሶም (ዘር ከሚሸከሙት የሴላችን ክሮች አንዱ) ላይ ለልብ ሕመም የሚያጋልጥ ቦታ ያገኙት በነሱ አቆጣጠር ገና በ2007 ነው። በ2011 ደግሞ፣ ይህን ዘር የያዘ ሰው ጥሬ አትክልትና ፍራፍሬ ሲያዘወትር የዘሩ ክፋት እንደሚለዝብ አዩ። የኛ ሰው ከዚህ ሁሉ «ጥሬ» የምትለዋን ይዟል። በ2016 ያወጡት ጥናትማ ይባስ! ዘሩ የከፋበት ሰው እንኳ ካላጨሰ፣ ካልወፈረ፣ ከተንቀሳቀሰና ደህና ከበላ፣ አደጋው በግማሽ ገደማ ያንሳል አሉ። ይህን ሁሉ ልፋት እኛ በአንድ ጉርሻ ጨርሰነዋል።

ስለ አያትየው ትንሽ ጠየቅኩት። ቅቤው ለካ የዓመት በዓል ነው። አዘቦቱን በቆሎ ቂጣ በጎመን። የጅሬንን ዳገት በእግራቸው ወጥተው በእግራቸው ይወርዱ ነበር። የልጅ ልጅየው ከመርካቶ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ለመድረስ ባጃጅ ይይዛል። ከአያቱ ዘር ሩብ ያህሉን ወርሷል፤ ዳገቱን ግን ለሌላ ወራሽ ትቶታል።

አባትህስ? አልኩት። በ48 ዓመታቸው ደረታቸውን ይዘው ወደቁ። «ምች ነው!» አለኝ። ሐኪም ቢሆን አባት ወይም ወንድም ከ55፣ እናት ወይም እህት ከ65 ዓመት በፊት በልብ ታመው እንደሆነ ይጠይቃል። የኛ ዘዴ ይበልጣል። በድንገት የሞተውን ለምች ወይ ለሰው ዓይን እንሰጣለን፤ ዘራችን እንደ ወተት ይነጣል።

አጠገቡ ያለው ደግሞ ተከዘ። «እኛ ቤት በዘር አለ። ብጠነቀቅ ምን ላመጣ?» ብሎ ሌላ ግማሽ ኪሎ አዘዘ። ሁለት ተቃራኒ ውጤት፣ አንድ መድኃኒት! እንዲህ የሚስማሙ ሐኪሞች አይቼ አላውቅም።

ልወጣ ስል ባለሥጋ ቤቱን «አንተስ ስንት ኪሎ ነው የምትጨርሰው?» አልኩት።

«ኧረ እኔን ሐኪም ከልክሎኛል» አለኝ ቢላዋውን እየሳለ፤ «ሽሮዬን ከቤት ይዤ ነው የምመጣው።»