ጨጓራ ነዋ!

ምርመራ የሚባል ነገር ለምን እንዳስፈለገን እስካሁን አልገባኝም። ላብራቶሪው፣ ኢንዶስኮፒው፣ ወረፋው ለምኔ? ጎረቤት አለ። ቡና ላይ ተቀምጠህ እጅህን ሆድህ ላይ አድርግና «እፍፍ» በል። አቦሉ ሳይወርድ በሽታህ ይታወቃል። ጨጓራ ነው።

ከእምብርት በላይ አመመህ? ጨጓራ። ከእምብርት በታች? እሱም ጨጓራ ነው፣ ወርዶ ነው። ጀርባህን ወጋህ? ዞሮብህ ነው። ሐኪሞች ሐሞት፣ ቆሽት፣ ትንሹ አንጀት፣ ትልቁ አንጀት እያሉ ሆድን ሲሸነሽኑ ይኖራሉ። እኛ አንድ አደረግነው።

ሕክምናችንም ያስቀናል። ጠዋት በባዶ ሆድ አብሽ፣ ማታ ተልባ፣ በመሃል የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል። አንድ ወዳጄን «ከመቼ ጀምሮ ነው የምትውጠው?» ብለው «ከሠርጌ» አለኝ። ልጁ ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ነው። ይኸው ወዳጄ ራሱን ባመመው ቁጥር ዳይክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ይውጣል። ዳይክሎፌናክ ጨጓራ ያቆስላል። ሲያቆስለው ኦሜፕራዞል ይጨምራል። የሰፈራችን ባለ ፋርማሲ የበዓል በጉን የሚገዛው በማን ገንዘብ ይመስላችኋል?

የሚያሳዝነኝ ባሪ ማርሻል ነው። አውስትራሊያዊው ሐኪም የጨጓራ ቁስለት ከባክቴሪያ ይመጣል ቢል የሚያምነው አጣ። በ1984 እ.ኤ.አ. ባክቴሪያውን ራሱ ጠጣው፤ ታመመም። በ2005 ከባልደረባው ከሮቢን ዋረን ጋር ኖቤል ተሸለመ። ምን አደከመው? እኛ ሰፈር ቢመጣ ጎረቤታችን እትዬ በአንድ ስኒ ይገላግሉት ነበር፦ «በርበሬ ነው ልጄ!»

ለዚያ ባክቴሪያ፣ ለኤች ፓይሎሪ፣ ሐኪም ሦስት አራት ዓይነት መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ ለ14 ቀን ያዛል። 14 ቀን! ይህን የሚጨርሰው ፈሪ ነው። ጀግና በአራተኛው ቀን ሻል ሲለው ያቆምና የተረፈውን ለአማቱ ይሰጣል። አማቱን ምን አመማቸው? ጨጓራ ነዋ!

ሰገራ ላይ ደም ከታየ ብቻ ስሙ ይቀየራል፤ ኪንታሮት ይባላል። ያንን ለሐኪም ማሳየት ደግሞ ነውር ነው፤ ዓመት ሁለት ዓመት ይደበቃል። የትልቁ አንጀት ካንሰር እንደኛ ያለ ጨዋ ሕዝብ ከየት ያገኛል?

ባለፈው ቅዳሜ እትዬ ቤት አንድ ጎረቤታችን ሰገራው እንደ ሬንጅ መጥቆሩን በሹክሹክታ ነገረን። ቀበቶውም ሁለት ቀዳዳ ገብቷል። እኔ ክፉ አፌን ከፍቼ «ውስጥህ እየደማ ይሆናል፣ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ሂድ» አልኩ። ቤቱ ጸጥ አለ።

«አንተ ደግሞ ሰው አታስደንግጥ» አሉ እትዬ። «ሄዶስ ምን ሊሉት ነው? ጨጓራ ነው ሊሉት!»

ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ጨጓራዬን ላጡት። ሳላስበው እጄ ሆዴ ላይ አረፈ። እትዬ አዩኝና የአብሹን ብርጭቆ ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።