ኮሎኔሉ ባጃጅ ሲሳፈሩ

ባሕር ዳር ላይ ማዕረግ ለማግኘት ጦር ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም። ቦርጭ ያለው ሰው ባርኔጣ ከደፋ ኮሎኔል ይባላል፤ ድምፁ ወፈር ካለ ደግሞ ኮማንደር። ኮማንደር የፖሊስ ማዕረግ መሆኑና እግረኛ ሠራዊት ውስጥ እንደማይገኝ ሿሚውን አያሳስበውም። የባጃጅ ሾፌሮች በተለይ ለጋስ ናቸው፤ መልስ ያልጠየቀ ተሳፋሪ እስኪወርድ ድረስ ጄኔራል ነው።

ችግሩ እውነተኛ ባለማዕረግ ሲመጣ ነው። አጠራሩ ከባድ አይደለም፤ በአፍ ሲሆን ወደ ላይ ማሳጠር ይቻላል። ሌተና ኮሎኔሉ «ኮሎኔል»፣ ብርጋዴር ጄኔራሉ «ጄኔራል»፣ ምክትል መቶ አለቃው «መቶ አለቃ» ቢባሉ ማንም አይቀየምም። ወደ ታች ማሳጠር የለም፤ ሌተና ኮሎኔሉን «ሌተና» ያለ ሰው ለልጃቸው ሰርግ አይጠራም። ወረቀት ላይ ሲሆን ደግሞ ማዕረጉ ሳይቆረጥ ከነስሙ ይጻፋል። (ጡረታ የወጡት ሃምሳ አለቃ ጥሪ ካርዱ ላይ «አቶ» ከተባሉ እሳቸው ይመጣሉ፣ ስጦታው ይቀራል።)

ስለ ሰላምታው፦ ሲቪል ሰው እጁን ግንባሩ ላይ አይሰቅልም፤ ጎንበስ ብሎ መጨበጥ ይበቃዋል። ወታደር ዘንድ የበታቹ ይጀምራል፣ የበላዩ እስኪመልስም እጁን አያወርድም። ሰላምታው በቀኝ ስለሆነ ዕቃ የሚያዘው በግራ ነው። ሆለታ ላይ ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ የስዊድን መኮንኖች፣ በኋላም ሐረር ላይ የህንድ መኮንኖች ዕጩዎቻችንን ሲያሠለጥኑ የሞባይል ነገር አላነሱም። ስለዚህ የኛ ሰው ቀኙን ስልክ ይይዝበትና በግራው ይሰጣል፤ ያውም ዝንብ እንደሚያባርር፣ ያውም እየሳቀ።

አሁን ወደ ጣና ዳር ዓሣ ቤቶች እንሂድ። ቀረሶ ጥብስ ቀርቧል፣ 5 ሰው ከቦታል፣ ኮሎኔሉ ብቅ አሉ። በብዙ አገር ጦር ምግብ ቤት የሚበላ ሰው አይነሳም፤ ቢያናግሩትም ተቀምጦ ይመልሳል። የኛ ጠረጴዛ ባንዴ ብድግ ይላል። ወንበር ይወድቃል፣ የዳጣው ሳህን ይገለበጣል። እጁ ቅባት የሆነው ሁሉ ጣቱን አጥፎ አንጓውን ይዘረጋል፤ ኮሎኔሉም 5 አንጓ ተራ በተራ ይጨብጣሉ።

«ኧረ በእግዜር፣ ተቀመጡ!»

«እርስዎ ሳይቀመጡ!»

«እኔማ ልሄድ ነው።»

«እንብላ እንጂ!»

ሠራዊት ውስጥ «ተቀመጡ» አንዴ ነው የሚባለው፤ ትእዛዝ ነዋ። እኛ ዘንድ ከሦስተኛው በፊት ያለው አይቆጠርም። ዓሣው እስከዚያ ይቀዘቅዛል።

ዋናው ጥፋት ያለው መሳፈሪያው ላይ ነው። ይሉኝታችን በበርም በጀልባም በባጃጅም «ታላቅ ይቅደም» ይላል። የባሕር ኃይሎች ልማድ ግልባጩ ነው፦ ሲገባ የበታች ይቀድማል፣ የበላይ መጨረሻ ይሳፈራል፤ ሲወረድ የበላይ ይቀድማል። ምክንያቱም ቀድሞ የገባ ሰው እየተናጠ የሌላውን መሳፈር ይጠብቃል። ወደ ዘጌ በሚሄደው የሕዝብ ጀልባ ኮሎኔሉን «ይቅደሙ» ማለት ክብር ይመስላል፤ ጀልባው እስኪሞላ ፀሐይ አናታቸውን የሚመታቸው እሳቸው ናቸው።

መኪና ሲሆን በብዙ አገር ወታደራዊ ልማድ የክብሩ ቦታ የኋላ ቀኝ ነው። እኛ ጋ ጋቢና ነው። ባጃጅ ጋቢና የለውም፤ ከሾፌሩ ጎን የሚለጠፈው ሰው ባለማዕረግ ሳይሆን ትርፍ ነው። ከኋላ 3 ሰው ይቀመጣል፣ የግራ ጎኑ ብዙ ጊዜ በብረት ይዘጋል፣ መውጫው በቀኝ ነው። ኮሎኔሉን «ይግቡ፣ ይግቡ» ካልናቸው ግራው ጥግ ይገባሉ፤ ጉልበታቸው ብረቱን ይታከካል፣ ሁለቱ ሳይወርዱም መውጫ የላቸውም። በደንቡ ከሄድን አስር አለቃው ጥግ፣ መቶ አለቃው መሐል፣ ኮሎኔሉ በስተቀኝ ይሆናሉ። ሁሉም አንድ ቦታ ከወረዱ እንዲህ ያለ አሰላለፍ ሆለታም አይገኝ።

አስር አለቃው መንገድ ላይ «ወራጅ አለ!» ያለ ዕለት ግን ጉድ ነው። ኮሎኔሉ ሐምሌ ጭቃ ላይ ይወርዳሉ፣ መቶ አለቃው ይከተላሉ፣ አስር አለቃው መሐላቸው ቆሞ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ከዚያ ሁለቱ «እርስዎ ይቅደሙ» ይባባላሉ። ስለዚህ ባጃጅ ላይ ከማዕረግ በፊት መውረጃ ይጠየቅ፤ ሩቅ የሚሄደው ጥጉን ይያዝ፣ ኮሎኔልም ቢሆን።

ሒሳብ ላይ የሚሠራ የጦር ደንብ የለም። አስር አለቃው «እኔ እያለሁ!» ብሎ የሾፌሩን እጅ ይይዛል፣ ኮሎኔሉ «ምን ማለትህ ነው!» ብለው የአስር አለቃውን እጅ ይይዛሉ። ሾፌሩ ቀድሞ የደረሰውን ብር ኪሱ ይከትና ሞተሩን ያስነሳል። መቶ አለቃው በዚህ ሁሉ መሐል ስልካቸውን እያዩ ነበር።