ዋጋው በኢንቦክስ፣ ሰላምታው ለሽያጭ

ኧረ በሕግ አምላክ! ዋጋው ስንት ነው አልኩ እንጂ የባንክ ሒሳብህን የይለፍ ቃል ስጠኝ አልኩ?

ፌስቡክ ላይ ለሽያጭ የወጣ አንድ ቦርሳ አየሁ። ፎቶው ግሩም ነው፤ ቀለሙ ተጽፏል፣ መጠኑ ተጽፏል፣ የእሳት ኢሞጂ ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል። ዋጋ ግን የለም። ከሥር ሰው ሁሉ «ዋጋ?»፣ «ስንት ነው?»፣ «ፕራይስ ፕሊስ» ይላል። መልሱ ለሁሉም አንድ ነው፦ «ኢንቦክስ»። እሺ ብዬ እኔም ገባሁ። «ስለጻፉልን እናመሰግናለን፣ በቅርቡ እንመልሳለን» የሚል አውቶማቲክ መልስ ተቀበለኝ። ማታ ላይ የሰው ልጅ ብቅ አለና «የትኛውን ነበር የፈለጉት?» ይለኛል፤ የላክሁለት ፎቶ እዚያው ከላዩ ተቀምጦ! ደግሜ ላክሁ። «እሱ እንኳን አልቋል፣ ግን ሌላ አለን» ብሎ የሌላ ቦርሳ ፎቶ ላከልኝ። እሱም ዋጋ የለውም። በአፍንጫዬ ይውጣ ብዬ ተውኩት።

ሲጠየቁ ምክንያት አያጡም። አንዱ «ተፎካካሪ እንዳያይብን ነው» ይላል። ተፎካካሪህ ኢንቦክስ መግባት ያቅተዋል እንዴ? በሌላ ስም ገብቶ ከእኔ ቀድሞ ጠይቆ ጨርሷል እኮ! ሌላው ደግሞ «ኮመንት ሲበዛ አልጎሪዝሙ ይወደናል» ይላል፤ የትኛው ፖስት ለማን እንደሚታይ የሚመርጠውን ሥርዓት ማለቱ ነው። ይሄኛው እንኳ ጭራሽ ከመሬት ተነሥቶ አይደለም። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ ላይ ከንግድ ገጾች ይልቅ የጓደኛና የቤተሰብ ፖስት፣ ሰው እርስ በርሱ የሚያወራበትን ነገር አስቀድማለሁ ብሎ ፊዱን፣ ማለትም ስንከፍተው የሚደረደርልንን የፖስት ሰልፍ፣ ቀይሯል። ግን ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ዲሴምበር 2017 ላይ፣ ላይክ፣ ሼርና ታግ እየለመኑ የሚወጡ ፖስቶችን ወደ ታች እንደሚያወርድም አስታውቆ ነበር። «ከተስማማችሁ ላይክ፣ ካልተስማማችሁ ሼር» የምትሉ ሰዎች፣ ይሄን ማን ይንገራችሁ?

ከቦርሳው በላይ ደሜን የሚያፈላው ግን የሰላምታው ጉዳይ ነው። ስንት ዘመን ድምፁ ያልተሰማ ሰው ድንገት «ሰላም ነው? ምነው ጠፋህ?» ይልሃል። አስታወሰኝ ብለህ ደስ ይልሃል። «አለሁ፣ አንተስ?» ትለዋለህ። ቤተሰብ ደኅና? ደኅና። ሥራ እንዴት ነው? ይመስገን። ከዚያ ይመጣል፦ «አንድ አሪፍ የቢዝነስ ሐሳብ ነበረኝ፣ አምስት ደቂቃ ብትሰጠኝ...»። ለካ ናፍቆቱ ሁሉ መንደርደሪያ ነው! ይቅርብኝ ካልከው ደግሞ መልእክትህን አንብቦ ዝም ይላል፤ ቤተሰቡም ጤናውም በአንድ ጊዜ ተረሳ።

ሰው ለሥራ ብሎ የሚተዋወቅበት ሊንክድኢን ላይማ ይብሳል። የትውውቅ ጥያቄውን በተቀበልክ በደቂቃው ደብዳቤ የሚያክል ማስታወቂያ ይደርስሃል። አንዱ «ውድ የደንበኛ ስም» ብሎ ጽፎልኛል። ስሜን መሙላት ረስቶ የተዘጋጀውን ጽሑፍ እንዳለ መላኩ ነው እንግዲህ። ቀጥሎ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ለእርስዎ በግል ካለን አክብሮት የተነሣ...»።

ይሄንን በገንዘብ የሚያስተምሯቸው ሰዎች መኖራቸው ነው የሚገርመኝ። በቀን ይህን ያህል ሰው ጨምሩ፣ ይችን ጽሑፍ ላኩ፣ ዝም ካለ በሦስተኛው ቀን ድገሙት፣ አሁንም ዝም ካለ «መልእክቴ ደርሶዎታል?» በሉት። ይኼ ትምህርት ነው ወይስ ዕዳ ማስከፈል? ትውውቅ ሥራ ያመጣል የሚለው ነገር እኮ ውሸት አይደለም። ማርክ ግራኖቬተር የተባለ አሜሪካዊ የሶሺዮሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመው ጥናት አለ። በሚያውቁት ሰው በኩል አዲስ ሥራ ያገኙ ሰዎችን፣ ያን ሰው በዚያ ሰሞን ምን ያህል ታገኙት ነበር ብሎ ጠየቃቸው። ቶሎ ቶሎ እንገናኛለን ያሉት ከመቶ 17 አይሞሉም። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አልፎ አልፎ፣ የቀሩት ደግሞ ከስንት አንዴ ብቻ ነበር የሚገናኙት። ነገሩ ግልጽ ነው፤ የቅርብ ጓደኛህ የሰማውን አንተም ሰምተኸዋል፤ አዲስ ወሬ የሚመጣው ሌላ ቦታ ከሚውል ሰው ነው። እናንተ ደግሞ ያንኑ ከስንት አንዴ የሚያገኛችሁን ሰው፣ አንድ ቀን ስማችሁን በደግ ሊያነሣ የሚችለውን፣ በአንድ ኮፒ ፔስት ብሎክ እንዲያደርጋችሁ ታስገድዱታላችሁ። እሱ እኮ ከእናንተ ባይገዛም ሊገዛ የሚችል ሰው ያውቅ ነበር!

ተከታይ የሚገዙትን ባልነካቸው ይሻላል። ሃምሳ ሺህ ተከታይ፣ ሦስት ላይክ፤ አንዱ የራሱ፣ አንዱ የወንድሙ። ላም አለኝ በሰማይ! የአሜሪካው የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እንኳ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ደንብ ለንግድ ተብሎ የሐሰት ተከታይ መሸጥንም መግዛትንም ከልክሏል።

ሁሉም እንዲህ ነው አልልም። የምከታተላት አንዲት ጫማ ሻጭ አለች። ዋጋውን የመጀመሪያው መስመር ላይ ነው የምትጽፈው። የእግር ቁጥርህ ከሌላት «እኔ ጋ የለም፣ እነ እከሌ ጋ ጠይቅ» ብላ ወደ ሌላ ሻጭ ትልክሃለች። አንድ ጊዜ አንዱ ደንበኛ ተናዶ መጣና ኮመንት ላይ «ሶሉ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ተላቀቀ» ብሎ ከነፎቶው ለጠፈ። አሁን ታጠፋዋለች ብዬ ስጠብቅ፣ «ይቅርታ፣ ጥፋቱ የእኛ ነው፣ መልሱልን እንቀይራለን። ከዚያው ዕቃ የወሰዳችሁ ሌሎችም ካላችሁ አሳውቁን» ብላ እዚያው ከሥሩ ጻፈች። ከቀናት በኋላ ሰውዬው የተቀየረለትን ጫማ አንሥቶ ለጠፈ። ከሱ ሥር ደግሞ ሦስት ሰው «41 ቁጥር አለ?» እያለ ይጠይቃል። ማስታወቂያ ይሉሃል እንዲህ ነው! ለዚህ ኮርስ አልከፈለችም፣ ፖስቷ ለብዙ ሰው እንዲታይ ከፍላ ቡስትም አላደረገች። ሌላ ሻጭ ጋ ያንኑ ቅሬታ ጽፌ መጀመሪያ ኮመንቴ ጠፋ፣ ቀጥሎ ገጹ ራሱ ጠፋብኝ። በገዛ ገንዘቤ ብሎክ ገዝቼ ተመለስኩ።

ሳልረሳ! የሶፋ ማስታወቂያ ላይ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ታግ ያደረግከኝ ወንድሜ፤ ፎቶው ውስጥ የለሁም፣ ሶፋም አልፈለግኩም። ሌሊቱን ሙሉ «ዴሊቨሪ አለው?» የሚል ኖቲፊኬሽን ስልኬ ላይ ሲንጫጫ አደረ። እኔ ምን አውቄ ልመልስላቸው? እባክህ አውጣኝ።